ክላፕተን በሩን ይከፍትልሃል፤ ጊታሩን ግን ከጆንሰን ተማር

ጥያቄ፦ «24 ዓመቴ ነው። ጊታር ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ትዝታ በደንብ እጫወታለሁ። የኤሪክ ክላፕተንን «ሚ ኤንድ ሚስተር ጆንሰን» አልበም ከሰማሁ በኋላ የዴልታ ብሉዝ ፍቅር ያዘኝ። ትዝታ ስለምችል ይቀለኛል ብዬ ነበር። ግን ዘፈኖቹን ከአልበሙ ላይ ለማውጣት ስሞክር በእኔ ጊታር ባዶ ይሆኑብኛል። ወደ ሮበርት ጆንሰን የድሮ ቅጂ ስሄድ ደግሞ ምቱ ይዘልብኛል፤ መቁጠር አቃተኝ። ጓደኛዬ ሸክላው ተፈጥኖ የወጣ ስለሆነ ማንም እንደሱ መጫወት አይችልም ይላል። ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ ነው የቻለው የሚሉም አሉ። ከየትኛው ልማር? ጊታሬ የናይለን ክር ያለው ክላሲክ ነው። የብረት ክር ባስርበትስ?»

ምላሽ፦ ከጆንሰን ተማር። የክላፕተንን አልበም መስማት አታቁም፤ መማሪያህ ግን እሱ አይደለም። የብረት ክር ደግሞ እዚያ ጊታር ላይ እንዳታስር። ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ ልንገርህ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የሰማኸው ነገር ምን እንደሆነ እንለይ። «ሚ ኤንድ ሚስተር ጆንሰን» በ2004 የወጣ አልበም ነው። ክላፕተን ያኔ ወደ 60 እየተጠጋ ነበር። አሥራ አራቱም ዘፈኖች የሮበርት ጆንሰን ናቸው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲወደው ለኖረ ሰው ያቀረበው ምስጋና ነው። ፍቅሩ ይሰማል፤ እኔም አልበሙን እወደዋለሁ። ግን ማን ማን እንደሚጫወትበት ተመልከት። አንዲ ፌርዌዘር ሎውና ዶይል ብራምሆል ጊታር ይዘዋል። ቢሊ ፕሬስተን ኪቦርድ ላይ ነው። ኔተን ኢስት ቤዝ፣ ስቲቭ ጋድ ድራም፣ ጄሪ ፖርትኖይ ሃርሞኒካ ይጫወታሉ። ከክላፕተን ጋር ሰባት ሰው ማለት ነው። አንተ ደግሞ የሰባት ሰው ሥራ በስድስት ክር ላውጣ ብለህ ነው የተቀመጥከው። ባዶ የሆነብህ ጣትህ ስለሰነፈ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። የሰማኸው ድምፅ በትክክል ስናወራ ዴልታ አይደለም፤ ቺካጎ ነው። ዴልታ የሚባለው ወንዙ ባሕር የሚገባበት ቦታ ይመስላቸዋል ብዙ ሰዎች። አይደለም። በሚሲሲፒ ግዛት ሰሜን ምዕራብ፣ በሚሲሲፒና በያዙ ወንዞች መካከል የተዘረጋ ለጥ ያለ የጥጥ መሬት ነው። እዚያ ጥጥ ሲለቅሙ ከኖሩ ጥቁር ገበሬዎች መካከል ነው ይህ ሙዚቃ የወጣው። ብሉዝ ዘፋኙ መዲ ዋተርስ ከዚያ መሬት ተነስቶ በ1943 ወደ ቺካጎ ሄደ። ጊታሩን ኤሌክትሪክ ላይ ሰካ፤ ፒያኖ፣ ድራምና ሃርሞኒካ ጨመረበት። ሃርሞኒካ ተጫዋቹ ፖርትኖይ በ1970ዎቹ የመዲ ዋተርስ ባንድ አባል ነበር። ስለዚህ የክላፕተን አልበም የጆንሰንን ዘፈኖች በቺካጎ በኩል አዙሮ ያመጣቸው ነው። ጆንሰን ራሱ ያንን ድምፅ አልደረሰበትም። በ1938፣ በ27 ዓመቱ፣ እዚያው ሚሲሲፒ ግሪንዉድ አጠገብ ሞተ።

ጆንሰን ያን ሁሉ ድምፅ ብቻውን እንዴት አወጣው? የሮሊንግ ስቶንስ ባንድ ጊታር ተጫዋች ኪት ሪቻርድስ መጀመሪያ የጆንሰንን ሸክላ ሲሰማ «አብሮት የሚጫወተው ሌላኛው ማነው?» ብሎ እንደጠየቀ ደጋግሞ ተናግሯል። ሌላኛው የጆንሰን አውራ ጣት ነው። ቀኝ እጅህን ጊታርህ ላይ አስቀምጥና ይህን ሞክር። የመዳፍህን ጠርዝ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ፣ ክሮቹ ሳጥኑ ላይ ከሚታሰሩበት ድልድይ አጠገብ፣ በስሱ አሳርፍ። አሁን አምስተኛውን ክር በአውራ ጣትህ ምታ፤ ድፍን ያለ «ዱም» የሚል ድምፅ ይወጣል። ያ ድምፅ ድራሙም ቤዙም ነው። አውራ ጣቱ «ዱም፣ ዱም» ማለቱን ሳያቆም ሌባ ጣትህ ቀጫጭኖቹን ክሮች ወደ ላይ ይንጠቅ፤ እሱ ደግሞ ዘፋኙ ግጥሙን ሲጨርስ የሚመልስለት ነው። ሁለቱ ጣቶች ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆን አለባቸው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሌባ ጣትህ በመታ ቁጥር አውራ ጣትህ ይቆማል። ተማሪዎቼ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ተስፋ የሚቆርጡት። እኔም ራሴ ወር ሙሉ አምስተኛውን ክር ብቻ ስመታ ቤተሰቤን አሰልችቻለሁ።

ምቱ ይዘልብኛል ያልከው እውነት ነው፤ ጆሮህ አልተሳሳተም። ብሉዝ 12 ባር ነው፣ እያንዳንዱ ባር አራት ምት አለው ብለው ያስተምሩሃል። ለባንድ ልክ ነው። ሰባት ሰው እኩል ኮርድ መቀየር ካለበት ቁጥሩ መስተካከል አለበት። ክላፕተንም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የጆንሰንን ጠመዝማዛ መንገድ አስፋልት አደረገው። ጆንሰን ግን ብቻውን ነው የሚጫወተው። ግጥሙ ካጠረ ሁለት ምት ይቆርጣል። ጊታሩ የጀመረውን ነገር መጨረስ ከፈለገ ደግሞ ምት ይጨምራል። የሚጠብቀው ድራመር የለም።

ይህን ለመረዳት ሩቅ አትሂድ። አዝማሪ ቤት ገብተህ ታውቃለህ። አዝማሪው ግጥም ሲቀበል ማሲንቆው ቆጥሮ አይደለም የሚቀጥለው። ቃሉ እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ተቀባዩ ካመነታ እዚያው ይዞርበታል፤ ግጥሙ ሲመታ ደግሞ አንስቶ ይሄዳል። ማንም ሰው አዝማሪው ምት ሳተ አይልም። ጆንሰንን እንደዚያ ስማው። ለአንድ ወር ሜትሮኖሙን፣ ምት ቆጣሪውን፣ አጥፋ፤ በእግርህ ብቻ ምታ፤ ከቃሉ ጋር ሂድ። ቁጥሩ በኋላ ይመጣል።

አሁን ወደ ጓደኛህ። ሸክላው 20 በመቶ ያህል ተፈጥኗል የሚለው ወሬ ኢንተርኔት ላይ ብዙ ዓመት ዞሯል። እኔ አላምነውም። ጆንሰን 29 ዘፈኖችን ነው የቀዳው። በኅዳር 1936 ሳን አንቶኒዮ በሚገኘው ገንተር ሆቴል ሦስት ቀን፣ በሰኔ 1937 ደግሞ ዳላስ ሁለት ቀን። በሁለት ከተማ፣ በሰባት ወር ልዩነት የተቀዳ ሥራ ሁሉ እኩል ተፈጥኖ መውጣት አለበት፤ ይህ ብዙም አያስኬድም። ደግሞ ጆኒ ሻይንስ አብሮት መንገድ ለመንገድ ዞሯል። ሮበርት ሎክዉድ ጊታር ከእሱ ነው የተማረው። ሁለቱም ቅጂዎቹ እንደገና ታትመው ዓለም ካወቃቸው በኋላ ለብዙ ዓመታት ኖረዋል፤ ድምፁ ይህ አይደለም ብለው ሲሟገቱ አልተሰሙም። ቀጭን የሆነብህ አንደኛ የዚያን ዘመን የመቅጃ መሣሪያ ወፍራም ድምፅ በደንብ ስለማይይዝ ነው። ሁለተኛ ካፖ፣ ማለትም ክሮቹን በአንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ፣ ስለሚጠቀም ነው። ካፖ ከፍ ባለ ፍሬት፣ በአንገቱ ላይ ባለ የብረት መስመር፣ ላይ ሲታሰር ጊታሩ እንደ ክራር ይቀጥናል። የቅጂው ከፍታ ከመቃኛ መሣሪያህ ከቱነሩ ጋር በጥቂቱ ላይገጥም ግን ይችላል። ስለዚህ አብረህ ስትጫወት ጊታርህን በቅጂው ቃኘው እንጂ በቱነሩ አትከራከር።

የሰይጣኑን ነገር አጥብቄ የምቃወምበት ምክንያት አለኝ፤ የአንድን ሰው ልፋት ይሰርቃል። ሰን ሃውስ የሚባለው የዴልታ ታላቅ ዘፋኝ ጆንሰንን በወጣትነቱ ያውቀው ነበር፤ ያኔ ጊታር አይችልም ነበር ብሏል። ከዚያ ልጁ ከአካባቢው ጠፋ፤ ሲመለስ ሁሉንም አስደነገጠ። በመካከል የት ነበር? ወደ ተወለደበት ወደ ሄዝልኸርስት አካባቢ ሄዶ አይክ ዚመርማን ከሚባል ጊታር ተጫዋች ዘንድ ሲማር ነው የቆየው። መምህር ነበረው፤ ሌሊት እየተቀመጠ ይለማመድ ነበር። ነፍሱን ሸጠ የሚባለው መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው፤ ስለዚያ መንገድ የሚዘፍነውን «ክሮስ ሮድ ብሉዝ» ደግሞ ቃሉን አዳምጠው። ሰውዬው ተንበርክኮ የሚለምነው እግዚአብሔርን ነው፤ ማረኝ ይላል። መኪና ለማስቆም ይሞክራል፤ ማንም አይቆምለትም፤ ፀሐይ እየጠለቀች ነው። በ1930ዎቹ ሚሲሲፒ አንድ ጥቁር ሰው ብቻውን መንገድ ላይ መሸበት ማለት ምን ማለት እንደነበር ካሰብክ፣ ያ ፍርሃት ሰይጣን አያስፈልገውም። በነገራችን ላይ ያ ዘፈን አንተ የያዝከው አልበም ላይ የለም። ክላፕተን በ1968 ክሪም ከሚባለው ባንድ ጋር ፈጣን ሮክ አድርጎ የተጫወተው ግን አለ፤ ከመጀመሪያው ጋር አነጻጽረው።

ትዝታ ስለምችል ይቀለኛል ብዬ ነበር ያልከው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህን ብዙ ልጆች ይሉኛል። ትዝታ የእኛ ብሉዝ ነው የሚባለው በስሜት ነው። በስሜት እኔም እስማማለሁ። ጣትህ ግን የሚያውቀው ስሜት አይደለም፣ ቅኝት ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ትዝታ ማይነር ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት፤ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። ብሉዝ ዘፋኙ በብዛት የሚመላለስባቸው ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ናቸው። አንዴ በጊታርህ ምታቸው። ባቲ ማይነር ነው! ስለዚህ ትዝታ የለመደ ጣት ብሉዝ ላይ ሬና ላ ፍላት እየረገጠ ይቸገራል፤ ባቲ የለመደ ግን ግማሹን መንገድ ሄዷል። ትዝታህን ለጊዜው አስቀምጥና በባቲ ጀምር።

ግማሽ ያልኩት በምክንያት ነው። ብሉዝ ላይ ሚ ፍላትም ሚም ያልሆነ፣ በሁለቱ መካከል የሚቀመጥ ድምፅ አለ። ጊታር ላይ ፍሬት ስላለ በቀጥታ አታገኘውም፤ ክሩን በጣትህ በጥቂቱ ገፋ ታደርገዋለህ። ማሲንቆ ተጫዋች ይህን ሳያስብ ነው የሚያደርገው፤ የሚያግደው ፍሬት የለም። ከተቻለህ አንድ ጥሩ ማሲንቆ ተጫዋች አጠገብ ቁጭ ብለህ ጣቱ ክሩ ላይ እንዴት እንደሚንሸራተት ተመልከት።

ቅኝት ካነሳን የጊታሩን አቃኛኘትም እንጨርስ። ክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሄድ ክሩን እንደገና ይቃኛል። የዴልታ ሰዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ጆንሰን የተለመደውን የጊታር ቅኝት ይጠቀማል፤ ጣት ላይ በሚጠለቅ ቱቦ፣ በስላይድ፣ ለሚጫወታቸው ዘፈኖች ግን ክሮቹን ሳይጫኗቸው አንድ ሙሉ ኮርድ እንዲሰጡ አድርጎ ይቃኛቸዋል። አንዳንድ መማሪያ ይህን ቅኝት በኤ (A) ኮርድ ይሰጥሃል፤ አራተኛውን፣ ሦስተኛውንና ሁለተኛውን ክር አንድ ሙሉ ድምፅ ወደ ላይ ሳብ ይልሃል። አታድርገው። ክር ይበጠሳል፤ የጊታሩም አንገት ይጨነቃል። እኔ ወጣት ሳለሁ ሁለተኛው ክር ተበጥሶ ጉንጬን ገርፎኛል፤ ትንሽ ከፍ ቢል ዓይኔ ነበር። ይልቅ ወደ ታች ልቀቅ። ስድስተኛውን ወደ ዲ፣ አምስተኛውን ወደ ጂ፣ አንደኛውን ወደ ዲ። የቀሩትን አትንካ። ከዚያ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ካፖ እሰር፤ ያው ኤ ነው፣ ጭንቀቱ ግን የለም።

ክላሲክ ጊታርህን በተመለከተ፦ የብረት ክር ከናይለን እጥፍ ገደማ ይስባል። የአንተ ዓይነቱ ጊታር ለዚያ አልተሠራም። አብዛኞቹ አንገታቸው ውስጥ የብረት ዘንግ የላቸውም። መጀመሪያ አንገቱ ይጎብጣል፤ ከዚያ ድልድዩ ከነሙጫው ይነሳል። ሻጩ «ምንም አይሆንም» ቢልህ እንኳ እሺ አትበል። በናይለኑ ላይ የአውራ ጣቱን ሥራ በደንብ መማር ትችላለህ። ስላይድ ግን በናይለን ላይ አይዘፍንም፤ ድምፁ ወዲያው ይሞታል። ለእሱ ሲደርስ ያገለገለ የብረት ክር አኩስቲክ ፈልግ። ውድ መሆን የለበትም። ስትገዛ ግን በጊታሩ አንገት በኩል በአንድ ዓይንህ አነጣጥረህ ቀጥ ማለቱን እይ።

ልትጠነቀቅበት የሚገባ ሌላ ነገር ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያለው የፍሬት ቁጥር ጽሑፍ ነው። ጆንሰን ሲጫወት የሚያሳይ የተረጋገጠ ፊልም የለም። ይህ የጆንሰን ትክክለኛ ጣት አቀማመጥ ነው የሚልህ ሁሉ ከሸክላ ሰምቶ የገመተ ሰው ነው። አንዳንዱ በደንብ ገምቷል፤ አንዳንዱ በጭራሽ። ጆሮህን ዳኛ አድርግ።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። በ«ካይንድ ሃርትድ ውመን ብሉዝ» ጀምር። ጆንሰን ኅዳር 23 ቀን 1936 መጀመሪያ የቀዳው ዘፈን ነው። ክላፕተንም አልበሙ ላይ ስላለው ሁለቱን ማነጻጸር ትችላለህ። በተለመደው ቅኝት፣ በኤ ቅርጽ ነው የሚሠራው። ኤ ደግሞ ለጀማሪ ደግ ነው፤ ለሦስቱ ዋና ኮርዶች የሚያስፈልጉህ የቤዝ ድምፆች፣ ኤ፣ ዲና ኢ፣ ሦስቱም ሳትጫናቸው የሚሰሙ ክሮች ናቸው። ግራ እጅህ ቢደናበር እንኳ አውራ ጣትህ መሬት አይለቅም። መጀመሪያ ቃሉን አጥና፤ ያለ ጊታር ዝፈነው። አንዱን ስንኝ ሁለት ጊዜ ይለዋል፤ ሦስተኛው ይመልስለታል። ከዚያ አውራ ጣትህን ብቻ ጨምር። ሌባ ጣቱ መጨረሻ ይግባ። ለዚህ አንድ ዘፈን ሁለት ወር ስጠው። በመካከል ወደ ሌላ አትዝለል።

አንድ ሰው በአንድ ጊታር እንዴት እንደሚይዘው ለመስማት ሮሪ ብሎክ በ2006 ያወጣችውን «ዘ ሌዲ ኤንድ ሚስተር ጆንሰን» አዳምጥ። ሰን ሃውስን በልጅነቷ አግኝታው ከእሱ የተማረች ናት፤ ቅጂዋም ጥርት ያለ ነው። ጣት ማየት ከፈለግህ ደግሞ ክላፕተን በዚያው በ2004 መጨረሻ ያወጣው «ሴሽንስ ፎር ሮበርት ጄ» የሚባል ሥራ ከነፊልሙ አለ። ዳላስ ውስጥ፣ ጆንሰን በ1937 በቀዳበት 508 ፓርክ አቬኑ ሕንፃ፣ ከብራምሆል ጋር ሁለት አኩስቲክ ይዘው ይጫወታሉ። እዚያም ቢሆን ለአንድ ሰው ሥራ ሁለት ሰው እንደተቀመጠ ልብ በል። ለአንተ ከባንዱ አልበም ይልቅ ይህ ይጠቅምሃል።

ሁለተኛው ዘፈንህ «ካም ኦን ኢን ማይ ኪችን» ይሁን፤ በለቀቅኸው ቅኝትና በስላይድ። ስላይዱን ትንሿ ጣትህ ላይ አጥልቀው፤ ሌሎቹ ጣቶች ከኋላው ክሩን ይንኩት፣ አለበለዚያ ይንጫጫል። ፍሬቱን ከኋላው ሳይሆን ብረቱ ላይ በትክክል ድረስበት፤ አትጫን፣ ዳስሰው ብቻ። ዘፈኑ መሐል ላይ ጆንሰን መዝፈን ያቆምና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሴቲቱን ነፋሱን ስሚው ይላታል። ቀጥሎ ቀጭኑ ክር ላይ የሚመጣው ጩኸት ነፋሱ ራሱ ነው። በክላፕተን አልበም ያንን ቦታ ፈልገው፤ ባንዱ ምን እንዳደረገበት ስማ። ይህን ልዩነት ያለ እኔ እርዳታ መስማት ስትጀምር ስላይድ ግዛ፤ ከዚያ በፊት ገንዘብህን አታውጣ።